የአሸዋ ጋሪ በሴራሚክ ወለል ላይ

ለተከበሩ የባሕር ዳርቻው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም አሸዋ ነክቶት የማያውቀው የተወለወለ ጫማዎ እንደምን ከረሙ? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ፤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው አምስት ማመልከቻዎች በአንድ ክር ታስረው ወፍራም ፋይል ስለሆኑና ፋይሉም «በሂደት ላይ ነው» ስለተባለ፣ ስድስተኛዋ ደግሞ መንገድ ጠፍቷት እንዳትንከራተት ብዬ ነው።

በፋይሉ ቁጥር እንጂ በሰውነቴ ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሊፍት ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። የእኛ ሕንፃ ሊፍት ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ብናገር ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሊፍት ግን «ለጊዜው» የምትል ወረቀት ከተለጠፈበት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በነጻ ልሥራላችሁ ብዬ ብጠይቅ «በጨረታ ነው» ተባልኩ። ይሁን።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ ስምንት፣ እኔ ሰባት ዓመታችን ነበር፤ ልብስ ሰፊ ሆኖ በዚያች መርፌ አሳደገኝ፣ አስተማረኝ፣ ዳረኝ፣ ሚስቴ ስትሞትም መልሶ ቤቱ አስገባኝ። ዓምና ደም ግፊት ጣለውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። መርፌ ከያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ሥራ ፈታ። አንድ የቀረው ነገር ዓሣ ማጥመድ ነው፤ እኔ እቀዝፋለሁ፣ እሱ በደኅናው እጁ ዘንጉን ይይዛል፣ ሁለታችንም አንነጋገርም፣ ይኸው ነው። ሐኪሙ ለብቻዬ ወደ ኮሪደር ጠርቶኝ «ጉልበቱ በየወሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ባሕሩ ጸጥ በሚልባቸው በእነዚህ ሦስት ወራት የሚወደውን ያድርግ፤ ለከርሞ ዋስ አልሆንም» አለኝ። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ነገሬ ሁሉ ይህ ነው፦ ሦስት ወር፣ አንድ ወንድም፣ አንዲት ጀልባ።

ጀልባዋ ካያክ የሚሏት ጠባብና ረጅም የመቅዘፊያ ጀልባ ናት። የጋሼ ግራ ጎን እንዳይወድቅ የጀርባና የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ሠራሁላት፤ እንዳትገለበጥም ግራና ቀኝ ተንሳፋፊ ጨመርኩላት። በዚህ ምክንያት ኀምሳ ስምንት ኪሎ ትመዝናለች። ከቢሮዎ አንድ ባለሙያ «ቀለል ያለች ለምን አትገዛም?» ብለው መከሩኝ። ቀለል ያለችው ጋሼን ገልብጣ ውሃ ውስጥ እንደምትከተው ሳስረዳቸው «እሱ የእኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም» አሉኝ። የሥራ ድንበሩን የሚያውቅ ሠራተኛ ስላፈሩ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ ቅሬታ ከማለት ምስጋና ብላቸው ይሻል ነበር።

፩ኛ. ስለ ሰንሰለቱ። ድሮ ጀልባዋን መኪና ላይ ጭነን እስከ ውሃው ጫፍ እንደርስ ነበር። ዘንድሮ «የመኪና ጎማ አሸዋውን ይጎዳል» ተብሎ የመኪና መግቢያው በር በሰንሰለት ተዘጋ። ደግ አደረጋችሁ፤ ባሕሩ የሁላችን ነውና ከልቤ ተቀበልኩ። ከበሩ እስከ ውሃው በእኔ እርምጃ ሦስት መቶ ሰማንያ ነው፤ ጋሼ ከዘራውን ይዞ፣ ትከሻዬን ተደግፎ፣ ሦስት ጊዜ አርፎ ይደርሳል። ጀልባዋ ግን ከዘራ የላትም። መሬት ለመሬት ልጎትታት ስል በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ፣ አንገታቸው ላይ ከምትንጠለጠለው ነገር የተነሣ ሰፈሩ «ፊሽካ» የሚላቸው ደግ ሰው፣ ፊሽካቸውን ነፍተው «ወንድሜ፣ መጎተትም ክልክል ነው፤ አሸዋው ላይ ቦይ ያወጣል» አሉኝ። አሸዋው ላይ ደግሞ በየሳምንቱ ሰኞ ሰኞ የጽሕፈት ቤትዎ ፒክአፕ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ምን ሊሠራ ቢሉ፣ የመኪና ጎማ ዱካ መኖር አለመኖሩን ለመቆጣጠር። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚባለው ለሌላ ነው እንጂ ለእናንተ አይሆንም፤ እናንተ ቀና ብላችሁ ነው የምትነዱት።

፪ኛ. ስለ ጋሪ ምርጫ። ሸክም አልቻልኩም፣ ጉተታ ተከለከልኩ፤ የቀረኝ ባለ ሁለት ጎማ የጀልባ ጋሪ ነው። ከሆዷ ሥር ይገባል፣ በቀበቶ ይታሰራል፣ አንዱን ጫፍ ይዞ መግፋት ነው። ቀላል ይመስላል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ስንት ቶን በገመድ ሳወጣና ሳወርድ የኖርኩ ሰው ጋሪ መምረጥ ያቅተኛል ብዬ አልጠረጠርኩም። የመጀመሪያው ጋሪ ጎማው ጠባብና ደረቅ ፕላስቲክ ነበር። ሻጩ «አባቴ፣ ይሄ የልጅ ልጅዎን ያገለግላል» አለኝ፤ አሸዋው ላይ አሥራ አንድ እርምጃ ሄዶ እስከ ጎማው ዘንግ ተቀበረ። ልመልስለት ብሄድ «አሸዋ ላይ ነው እንዴ? ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ!» አለ። የባሕር ዳርቻ ጋሪ ሌላ የት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ የእኔ ድርሻ ነበር፤ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛውን በሰፈራችን በያጅ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማዎች አሠራሁ። ትልቅ ጎማ አሸዋ ያሸንፋል የሚል ፍልስፍና ነበረን። መቶ አርባ እርምጃ ተጓዘ፤ ከዚያ ቸርኬው እንደ ፓስታ ታጠፈና ጀልባዋ ጎኗን ሰጥታ ተኛች። ለካ ብስክሌት ወደ ጎን መገፋት አይወድም። ኩሽኔታውንም ጨው በሁለት ሳምንት በላው። በያጁ ሊያጽናናኝ «ወደ ውሃው ሲሄዱ እኮ ግማሹን ደርሰዋል» አለኝ።

ሦስተኛውን የመረጠው ጋሼ ነው። ሱቁ ድረስ ወስጄው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሻጩ እየቀያየረ ያቀረበለትን ጎማ ሁሉ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥበት ዘመን፣ በቀኝ አውራ ጣቱ እየተጫነ ፈተሸ። ደረቁን «ይሄ ይወጋል» አለ፤ ጠባቡን ገፋው፤ በመጨረሻ ፊኛ የመሰለውን፣ ወፍራምና ለስላሳ፣ በትንሽ አየር የሚነፋውን ጎማ ተጭኖ ጣቱ ሲሰምጥ ፈገግ አለ። «ይሄ አሸዋውን አይወጋውም፣ ይተኛበታል» አለ። ከታመመ ወዲህ ስለ አንድ ነገር እንዲያ እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር አልሰማሁትም ነበርና እውነቱን ልናገር፣ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። በማግሥቱ ጠዋት ጀልባዋን ጭነን ከበሩ ጎን ባለው ባዶ አሸዋ ላይ ሞከርናት፤ በአንድ እጄ ገፋኋት፣ ሄደች! ጋሼ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ቤት ለብሶት ነው የወጣው። በሩ ላይ ስንደርስ ፊሽካ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በዚያው ዕለት የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳዩን፦ ከዛሬ ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ ተፈትኖ አረንጓዴ መለያ ያልተለጠፈበት ጋሪ አይገባም። ተመለስን። ሰደርያውን ሳወልቅለት «ነገ ይደርሳል» አለኝ፣ እኔን እያጽናና።

፫ኛ. ስለ ፈተናው። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ እባክዎ ይቀመጡ፤ ምናልባት ሳይሰሙ ቀርተው ይሆናል።

የጋሪ መርማሪ ኮሚቴዎ ሦስት አባላት አሉት፦ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ የግቢው አናጺ፣ እና ስብሰባ ላይ ስለሆኑ መልካቸውን አይቼ የማላውቀው ሰብሳቢ። ፈተናው የሚካሄደው በጽሕፈት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ጋሪውን በደረጃ ተሸክሜ ወጣሁ። ሁለት ጆንያ የቆየ መዝገብ ጫኑበት፤ ከመዝገብ ቤቱ በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ሃያ ሁለት እርምጃ አስገፉኝ። የጋሼ ለስላሳ ጎማ ሴራሚኩን ነክሶ ጮኸ፣ ከኋላውም ጥቁር መስመር ተወ። አናጺው ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው አሽተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ውጤቱ በጽሑፍ ተሰጠኝ፦ «ወለል ያቆሽሻል፤ ድምፅ ያወጣል፤ ለአገልግሎቱ ብቁ ሆኖ አልተገኘም።»

ከፊቴ የነበረው ሰው ጋሪ፣ እንደ መጀመሪያው የእኔ ጋሪ ባለ ጠባብ ደረቅ ጎማ፣ በዚያ ወለል ላይ ቅቤ እንደተቀባ ተንሸራቶ አለፈ፤ አጨበጨቡለት። እኔም የማይረባ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ፈተናው አሸዋ ላይ ቢሆንስ? የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ ትሑት ሴት ናቸው፣ «ጌታዬ፣ አሸዋ ላይማ ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ኮሚቴው እዚያ ወርዶ እንዴት ይጽፋል?» አሉኝ። ጋሪዬን በደረጃ ተሸክሜ ወረድኩ።

እሺ ብዬ የተጣለውን የመጀመሪያ ጋሪዬን ከዕቃ ቤት አውጥቼ፣ አጥቤ፣ አስፈትኜ፣ በሙሉ ነጥብ አለፍኩ። አረንጓዴ መለያ ተለጠፈልን፤ ጋሼ ሰደርያውን ለበሰ። ፊሽካ በሰላምታ አሳለፉን፤ አሥራ አንደኛዋ እርምጃ ላይ ጋሪዋ፣ እንደ ልማዷ፣ እስከ ዘንጓ ገባች። ከእጅ አይሻል ዶማ። ጎንበስ ብዬ ስቆፍር ፊሽካ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ጥበቃ ጀልባ እንዳይገፋ መመሪያ ወጥቷል አሉ። «ወንድሜ ሙት፣ ብችል እኔ ተሸክሜ አደርስልህ ነበር» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። ጋሼ በሩ ላይ ወንበር አስመጥተውለት ተቀምጦ ሁሉን ያይ ነበር።

፬ኛ. ይህ የእኔው ጥፋት ነውና ራሴ ልናዘዘው። ኮሚቴው ወደ አሸዋው ካልሄደ አሸዋው ወደ ኮሚቴው ይሂድ ብዬ፣ አንድ ጆንያ አሸዋ ከዳርቻው ዘግኜ፣ በትከሻዬ ሁለት ፎቅ ተሸክሜ ወጥቼ፣ ለስላሳ ጎማ ያለውንም ጋሪ አስከትዬ፣ ኮሪደራችሁ ላይ ዘረገፍኩት። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ «እዩት! አሁን እዩት!» እያልኩ በዚያች አንዲት ክምር አሸዋ ላይ ጋሪውን ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት፤ ሳይሰምጥ፣ ሳይጮህ። ሰው ሁሉ ከየቢሮው ወጥቶ ያየኝ ነበር፤ ጋሪውን ግን ያየ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ «አባቴ፣ እንባዬን ነው የሚያመጡት፤ አሁን ነው ወልውዬ የጨረስኩት» ስትለኝ ተቀብያት ራሴ ጠረግሁት። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ በማግሥቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። አሸዋ ከባሕር ዳርቻ ያለ ፈቃድ ማውጣት ክልክል ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፣ ጋሪውም ጉዳዩ እስኪጣራ በንብረት ክፍል ተይዟል። አሸዋውን ልመልስ ብል የመቀበያ ቅጽ የለም ተባልኩ፤ ስለዚህ በረንዳዬ ላይ በጆንያ ተቀምጧል፣ በደኅና ሁኔታ ላይ ነው፣ አያስቡ።

አምስተኛውን ቁጥር አልሰጠውም፤ የቢሮ ጉዳይ አይደለም።

ጋሪው መያዙን ለጋሼ መናገር አቃተኝ። ስልሳ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው፣ በልጅነቱ ሲመታ «ልጄን ማን ነካው?» ብሎ መቀስ ይዞ ይወጣለት ለነበረ ወንድም፣ «አንድ ጋሪ ማስገባት አቃተኝ» ብሎ እንዴት ይናገራል? እናም ዋሸሁት። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ሳቀርብለት «ዛሬ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እኔም «ሞገድ ነው ጋሼ፣ ነፋሱ አይሆንም» እላለሁ። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ነው። ባሕሩ ከፊት ለፊቱ እንደ ወለላችሁ ተዘርግቶ ይታየዋል። ያየዋል፣ ቀጥሎ እኔን ያየኛል፣ ቀጥሎ «እውነትህን ነው፣ ያስፈራል» ይለኛል። እንዲህ እየተባባልን አንድ ወር ከሃያ ቀን ሆነን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እኔ ሳልናገር ቀድሞ «ዛሬስ እኔም አላሰኘኝም» አለኝ። ያን ቀን አፍሬ መግቢያ አጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ መጣ። ጋሼ ከእንግዲህ በመደገፊያም ቢሆን ተቀምጦ መቆየት አይችልም፤ ባሕሩን እርሱት አለን። በዚህም ምክንያት በፋይሉ ውስጥ ያሉትን አምስቱንም ማመልከቻዎች፣ ይህችንም ጨምሬ፣ በፈቃዴ ያነሣሁ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ፋይሉ ይዘጋ። አሸንፋችሁኛል እንዳልል፣ ግጥሚያ መኖሩን እንኳ አላወቃችሁም። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ቆፈርኩ፣ ጮህኩ፣ ወለል ጠረግሁ፤ ያ ሁሉ ተደምሮ አንዲትን ጀልባ ሦስት መቶ ሰማንያ እርምጃ አላንቀሳቀሰም። የተበላሸ ነገር ፈትቼ የማላገኝለት ምክንያት ኖሮ አያውቅም ነበር፤ እናንተ ዘንድ ግን ብፈታ ብፈታ የተሰበረ ዕቃ አጣሁ፤ ሁሉም በደንቡ ይሠራል፣ ሰዉም ክፉ አይደለም። አቅቶኛል።

ጽሕፈት ቤትዎ ከዓመት ዓመት እንዲያብረቀርቅ፣ ኮሪደሩ ጥቁር መስመር እንዳያይ፣ ሊፍቱም ለጊዜው እንደ ቆመ በክብር እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ያልሰጡኝን ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በአንድ ወንጀል የተመዘገበ፣ በአንድ ጆንያ አሸዋ የሚጠየቅ፣
ትሑት ባለጉዳይዎ፣
የጋሼ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለመርማሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ፤ ከስብሰባ ሲወጡ
ለፊሽካ፤ ከነፍስ ምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልልከው ቅዳሜ መጣ። ዳርቻችን «በንጽሕና አንደኛ» ተብሎ ስለተሸለመ ሥነ ሥርዓት ነበራችሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። አረንጓዴ መለያ ያላቸው ጋሪዎች የእንግዶቹን ወንበሮች ጭነው አሸዋው ውስጥ ሲቀበሩ፣ አንድ ብልህ ሠራተኛዎ ከንብረት ክፍል የእኛን አውጥቶ ወንበሩን ሁሉ፣ የእርስዎን ባለ ትራስ ወንበር ጭምር፣ በስድስት ዙር ውሃው ጫፍ አደረሰ። ጋሼ በትራስ ተደግፎ በመስኮት አይቶት «ና! ና ቶሎ! ጋሪያችን!» ብሎ ጠራኝ። ሲሄድ ሲመለስ ተከተለው፣ ዙሩን ቆጠረ፣ በደኅናው እጁ ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነበር። ስለዚህ ጋሪውን መልሱልኝ አልልም፤ እዚያው ይሁን። አንድ የመጨረሻ ልመና ብቻ አለኝ፣ ለዚህ ፎርም ካለ እሞላለሁ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አውጥታችሁ በመስኮታችን ፊት አንድ ሁለት ጊዜ ግፉት። የምትጭኑት ባይኖር ባዶውንም ቢሆን።